ሚክስት ብስክሌት፦ ፔዳሉ አልገባ አለኝ፤ ቀለሟንስ ልተወው ወይስ ላስቀባት?

ባለዳሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓመት ዳሌዬን ቀዶ ጥገና ተደረግኩ። አሁን ደህና ነኝ፣ ብስክሌት መንዳትም ተፈቅዶልኛል። ችግሬ መንዳቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። እግሬን ወደ ኋላ ወርውሬ ኮርቻውን ማሻገር አቃተኝ። 28 ዓመት የነዳሁት ብስክሌቴ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። እንዲህ ስንተያይ ወራት አለፉ።

ከዚያ የጓደኛዬ እናት ጋራዥ ሲጸዳ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባ አንዲት ብስክሌት ወጣች። ጓደኛዬ ገና ሲያያት "የሴት ናት" ብሎ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ሊወረውራት ነበር። እኔ ግን ፈዝዤ ቀረሁ። ከመሪው ሥር ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ፤ ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይወፍሩም። ጎን ለጎን ሆነው ቁልቁል ይወርዱና የኮርቻውን ቱቦ ግራና ቀኝ አቅፈውት ያልፋሉ። እዚያ አይቆሙም። ቀጥ ብለው እስከ ኋላው ጎማ ዘንግ ድረስ ይሄዳሉ። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩዋት አንድ መስመር ለሁለት ተሰንጥቆ የሮጠ ይመስላል።

ስሟን ፈልጌ አገኘሁት። ሚክስት ትባላለች። ("ሚክስቴ" እያልኩ ሦስት ቀን ስጠራት ከረምኩ። ፈረንሳይኛ ነው፣ መጨረሻው አይነበብም አሉኝ።) ትርጉሙ ቅልቅል ማለት ነው፣ ለወንድም ለሴትም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀና አንድ ምስጢር አወጣ። እናቱ ብስክሌቷን የገዟት በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። አባቱም ይነዷት ነበር፤ ግን ሰው እንዳያያቸው ሲመሽ ጠብቀው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ቀለሟ ወይን ጠጅ ነው፤ ቱቦዎቹ በሚጋጠሙበት ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ወርቃማ መስመር ተስሎባታል። የፋብሪካው ስም ተልጧል፣ "ፈረንሳይ ተሠራ" የሚለው ብቻ ቀርቷል። እዚህም እዚያም ተቧጭራለች። ፎርኬታው ጫፍ ላይ ያለው ክሮም በዝገት ነጠብጣብ ተሞልቷል። ክራንኳ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) አሉሚኒየም፣ ቸርኬዋ ብረት፣ ኋላዋ ባለ 5 ማርሽ ነው።

ከፔዳሎቹ አንዱ ተሰብሮ ስለነበር አዲስ ጥንድ ገዛሁ። የቀኙን በእጄ ጀመርኩት። አንድ ዙር ተኩል ያህል በደንብ ገባና ቆመ። ትንሽ ቆሻሻ ይሆናል ብዬ መፍቻ አመጣሁ። "ትንሽ ገፋ ላድርገው" አልኩ። ግማሽ ዙር ሄደ። ሌላ ሩብ ጨመርኩ። ከቀዳዳው እንደ ፀጉር የቀጠነ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ላጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ልቤ ቀጥ አለ። መልሼ ፈታሁትና ዕቃውን ሰብስቤ መብራቱን አጠፋሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፦ ያ ክራንክ ይድናል? ደግሞ ፔዳሉን ሳዞረው ከሆዷ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ይሰማል። ክራንኮቹን በመጎተቻ አውጥቼ ኩሽኔታውን ልፈታ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የቀኙ ኩባያ (ኩሽኔታውን ከጎን የሚይዘው ክዳን) አንዱ ጋ "ወደ ግራ ይፈታል"፣ ሌላው ጋ "ወደ ቀኝ ይፈታል" የሚል አነበብኩና ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ግን ቀለሟ። ላስገፍፋትና እንደ አዲስ ላስቀባት ወይስ እንዳለች ልተዋት?


ግራሶ በእጄ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መፍቻውን አስቀምጥ። መጎተቻውንም እንዳትነካው፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

አንተ የደረሰብህ በእነዚህ ብስክሌቶች የጀመረን ሰው ሁሉ የደረሰ ነው። የድሮ ፈረንሳይ ብስክሌት የራሱ ልኬት አለው። የፔዳሉ ጥርስ (የብሎኑ ጠመዝማዛ) ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ርቀት 1.25 ነው። ዛሬ የሚሸጠው ፔዳል ደግሞ 9/16 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ነው፤ ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ 14.29 በ1.27 ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው አንድ ዙር ተኩል አታሎ ያስገባህ። ፍጹም የማይመሳሰል ቢሆን ኖሮ ይሻልህ ነበር።

ክራንኩ ይድናል። አዲሱ ልኬት ከአሮጌው ትንሽ ስለሚሰፋ ቀዳዳውን በ9/16 ጥርስ ማውጫ እንደገና መቁረጥ ይቻላል። የተለመደ ሥራ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። የግራው ክራንክ ጥርስ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ማውጫውም ለግራ የተሠራ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ማውጫው ዘንበል ብሎ ከጀመረ ፔዳሉም ዕድሜ ልኩን ዘንበል ብሎ ይዞራል። ክራንኩን ሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልለህ እሰር፤ ዘይት አድርግ፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ እያልክ ሂድ። ራስህን ካላመንክ ለሚያውቅ ስጠው፣ ነውር የለውም።

አሁን መጎተቻው። ክራንኩ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ ዛሬ 22 ሚሊሜትር ነው። የስትሮንግላይት ክራንክ ግን 23.35 ነው፣ የቴአ ደግሞ 23። ባለ 22ቱን እነዚህ ላይ ካሰርክ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይይዛል፤ ስትጎትት የክራንኩን ጥርስ ሙልጭ አድርጎ ይዞት ይወጣል። ያኔ የፔዳሉ ችግር ጨዋታ ይመስልሃል። ክራንኩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ቀዳዳውንም በካሊፐር ለካ።

ሁለቱም ያነበብካቸው ልክ ናቸው። የእንግሊዝና የስዊስ ልኬት ላይ የቀኙ ኩባያ ሰዓት ወደሚዞርበት ይፈታል። የፈረንሳይና የጣሊያኑ ተቃራኒው ነው። ፈረንሳይና ስዊስ ሁለቱም 35 በ1 ሚሊሜትር ስለሆኑ በመለካት አትለያቸውም፤ የሚለያዩት በቀኙ ኩባያ ጥርስ አቅጣጫ ነው። ብስክሌትህ የ1970ዎቹ አጋማሽ ከሆነች ልኬቷ የፈረንሳይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ወደ አሥር ዓመቱ መጨረሻ ግን አንዳንዶቹ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ወደ ስዊሱ ዞረዋል።

እና ምን ታደርጋለህ? የቀኙን አትፍታው! የግራው በሁሉም ልኬት ሰዓት በማይዞርበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። እሱን ክፈት፣ ዘንጉን አውጣ፣ በባትሪ እያበራህ የቀኙን እዚያው እንዳለ በጨርቅ ወልውለው። ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አርባና ሃምሳ ዓመት የተቀመጠበትን ቦታ ለምን ታስለቅቀዋለህ? አዲስ ኳሶች፣ ሩብ ኢንች፣ በየጎኑ 11። ግራሶ አትሰስት።

የቀረውን ባጭሩ። የመሪው አንገት 22.0 ነው እንጂ እንደዛሬው 22.2 አይደለም፤ በመዶሻ አይገባም። የኮርቻው ቱቦ ውፍረት 28 ነው፣ የእንግሊዙ 28.6፤ ስለዚህ ለእንግሊዙ የተሠራ ማሰሪያ ይንሸራተትብሃል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ ከሥሩ ጠቅልል፣ አለቀ። ካምቢዮው (ማርሽ መቀየሪያው) ፕላስቲክ ከሆነ በደንብ አገላብጠህ እየው። በዚያ ዘመን ሲምፕሌክስ የተባለው ፋብሪካ ዴልሪን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራ ነበር፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። የዚያው ዘመን የጃፓን ሰንቱር ካምቢዮ ለመተካት አሪፍ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። እኔ ብሆን አስገፍፌ በፓውደር (በዱቄት ቀለም) አስቀባት ነበር። ዝገት አልወድም።


ቀይ ደወል፦

ጋሼ፣ ቀለሟን እንዳይነኩት! ግራሶ በእጄን ለብሎን እሰማዋለሁ፣ ለቀለም ግን አልሰማውም።

ያ ወርቃማ መስመር አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም። በፓውደር የተቀባች ሚክስት አይቻለሁ። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ የመጋጠሚያዎቹን ጠርዝ ሁሉ ሸፍኖ ፕላስቲክ አስመስሏት ነበር። የሚክስት ውበቷ ደግሞ መቅጠኗ ነው። ቱቦዎቿን ካወፈሩባት ምን ቀራት?

ሌላም ምክንያት አለ። የዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አቧራውን እንዳይተነፍሱት። የግድ መፈተግ ካለብዎት እያረጠቡ፣ ጭንብል አድርገው፣ ልጆች በሌሉበት።

እኔ የራሴን እንዲህ ነው ያደረግኩት። በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብኳት። ጨርቅ ጥቁር ይዞ መውጣቱን እስኪያቆም በሚያለሰልስ የመኪና ቀለም ማጽጃ ቀስ እያልኩ ፈተግኩ፤ ወርቃማዎቹ መስመሮች ላይ ግን ዝር አላልኩም፣ እነሱ በቀላሉ ይለቃሉ። ከዚያ ሰም። የተጫሩት ቦታዎች ላይ ብረቱ እንዳይዝግ ብቻ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ተመሳሳይ ቀለም ነካ ነካ አደረግኩ። ጭረቱ ይታያል። ይታይ።

ለክሮሙ ወጥ ቤት ያለው የአሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። ጨምድደው ውኃ ነክረው ይፈትጉት። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይወጣል፣ አይደንግጡ። ሲጠርጉት ከሥሩ መስታወት ያገኛሉ። ዝገቱ ሰርስሮ የገባበት ቦታ ላይ ግን ጥቁር ነጥብ ይቀራል።

ለትናንሽ የብረት ዕቃዎች፣ ለብሎንና ለዳዶ፣ ኦክሳሊክ አሲድ በውኃ በጥብጠው አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። ሲያወጡ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ያለቅልቋቸውና ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቧቸው። ካልሆነ በማግስቱ እንደገና ይዝጋሉ።

አሁን ስለ ዳሌዎ ልናገር፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሚክስት ከተራው ዝቅ ትላለች እንጂ መሬት የወረደች አይደለችም። መሃል ላይ ጉልበት አካባቢ ትደርሳለች። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እንዲህ አስተማርኳት፦ ብስክሌቷን ወደ ራስ አዘንብሎ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ፣ እግርን ከፊት በኩል ወደ መሪው ጠጋ ሳይሆን ወደ ኮርቻው ጠጋ ብሎ ማሻገር። ቱቦዎቹ የሚወርዱት ወደ ኋላ ስለሆነ ዝቅተኛው ቦታ እዚያ ነው። ሥራ ሳይጀምሩ ግድግዳ አስደግፈው አሥር ጊዜ ይሞክሩት። ካመመዎት ከመገጣጠምዎ በፊት ይወቁት።

እኔ ቤት አንዲቱን ሚክስት እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ እንነዳታለን። ኮርቻዋ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። ባለቤቴ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ስነዳት ያየኝ ቀን ነው "የእኔስ ብስክሌት ለምን እንደዚህ አይደለም?" ያለው።


ቀጥ ያለ፦

ወዳጄ፣ እውነቱን ልንገርህ? ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ከባድ የብረት ብስክሌት ነው? ዛሬ ዝቅ ያሉ አዳዲስ ብስክሌቶች ሞልተዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ዕቃቸው የትም ይገኛል። ደግሞ መሃሉ ክፍት የሆነ ፍሬም ይተጣጠፋል። የሚክስት ፍቅር የፎቶ ፍቅር ነው።


ግራሶ በእጄ፦

ቀጥ ያለ፣ ክብደቱን እሰጥሃለሁ። መተጣጠፉን ግን አልሰጥህም።

ተራው ዝቅ ያለ ፍሬም ላይ የላይኛው ቱቦ ወርዶ የኮርቻው ቱቦ ወገብ ላይ ያበቃል። ከፊት የመጣው ግፊት ሁሉ ያንን ወገብ ይገፋል። ቱቦ ደግሞ ጫፉን ስትገፋው ይችላል፣ ወገቡን ስትመታው ይጎብጣል። ሚክስት ላይ ግፊቱ ወገቡ ላይ አይቆምም። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይዘውት እስከ ኋላ ዘንግ ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ከኋላ ሁለት ሳይሆን ሦስት ጥንድ ቱቦዎች የምትቆጥረው። እንደ ወንዱ ፍሬም ድርቅ አይልም፤ ከተራው ዝቅ ያለ ፍሬም ግን በጣም ይሻላል። የላይኛው ቱቦ አንድ ወፍራም ሆኖ ከኮርቻው በኋላ ብቻ ለሁለት የሚከፈልበት ዓይነትም አለ፤ ሥራው ያው ነው።

ፔጆ፣ ሞቶቤካንና ዢታን ሚክስትን ለብዙኃኑ ሠርተዋል። ሬኔ ኤርስ የመሰለ ባለሙያም በትዕዛዝ ሠርቷታል። ለፎቶ ብቻ አልነበረም።

ባለዳሌው፣ በነካ እጄ ስለ ጎማህ። የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ይለግማል፤ ይህን በቀላሉ አትየው። ብዙዎቹ ለውጭ ገበያ የተሠሩት 27 ኢንች ናቸው፣ የቸርኬው ልኬት በሚሊሜትር 630። ዛሬ በየቦታው ያለው 700 ሲ 622 ነው። ብትቀይረው ቸርኬው 4 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ የፍሬኑ ጎሚኒ ያን ያህል መውረድ መቻሉን እይ። የማፋክ ፍሬን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። አሉሚኒየም ቸርኬ ስታደርግ ሌላ ብስክሌት የነዳህ ይመስልሃል።

ኋላው ግን ባለ 5 ማርሽ ስለሆነ ስፋቱ 120 ሚሊሜትር ነው። ዲስክ ፍሬን የሌለው የቅርብ ዘመን የመንገድ ብስክሌት ሞዞ (የጎማው እምብርት) 130 ነው። ፍሬሙን ከፍተው የሚያስገቡ አሉ። ሚክስት ላይ ሦስት ጥንድ ቱቦ እኩል መክፈት አለብህ፤ አንዱ ጥንድ ደግሞ እስከ መሪው የሚሄድ ነው። እኔ ከ126 አላልፍም።


ባለዳሌው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ቀይ ደወል እንዳለችው አሥር ጊዜ ተሻገርኩ። እስከ አራተኛው ድረስ የእግሬ ጣት ቱቦውን እየነካ አስደነገጠኝ። ከአምስተኛው በኋላ ወደ ኮርቻው ጠጋ ማለቱ ገባኝ። ምንም አላመመኝም።

ክራንኩ ጀርባ ላይ "ስትሮንግላይት" የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። በእጄ የነበረው መጎተቻ ባለ 22 ነበር። ግራሶ በእጄ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተህ ብትጽፍልኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ትክክለኛውን ተውሼ ሁለቱም ያለ ትግል ወጡ። የግራውን ኩባያ ከፈትኩ፤ ጠርዙ ላይ 35×1 ይላል። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ሰም መስሎ ነበር። በጋዝ አጥቤ ኳሶቹን ሳህን ላይ ቆጠርኩ። በግራ 11፣ በቀኝ 10። አሥራ አንደኛውን ቱቦው ውስጥ ሳንኳኳ አገኘሁት፤ ግማሽ ጎኑ እንደ ተበላ ጥርስ ተቦርቡሯል። ለካ አሸዋ እየፈጨ ያስቸገረኝ እሱ ነው። የቀኙ ኩባያ ንጹሕ ስለነበር አልነካሁትም።

ጥርሱን ሌላ ሰው ቆረጠልኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አላፍርም። አዲሱ ፔዳል በጣቴ ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ አስገባሁት፣ ደስ ስላለኝ ብቻ።

ቀለሟን አልቀባኋትም። ፎርኬታውን በፎይል ስፈትገው ባለቤቴ መጥታ "እሱ ፎይል የኔ ነው" አለችና አጠገቤ ተቀምጣ ሌላኛውን ጎን ያዘች። አሁን ማን ቀድሞ እንደሚነዳት ጭቅጭቅ ላይ ነን። የኮርቻው ከፍታ ላይ በሁለታችንም ልክ ምልክት አድርገናል።

ቸርኬው ገና ብረት ነው፣ ተራውን ይጠብቃል። በፀሐይ ብቻ እየነዳኋት ነው። የኋላው ፍሬን ግን ሰፈር እስኪቀሰቀስ ይጮኻል። አዲስ ርዕስ ልክፈት?


ግራሶ በእጄ፦

እዚሁ ይሁን። ጎሚኒዎቹን ፈታ አድርግና የፊት ጫፋቸው ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አዘንብላቸው። የጉርድ ካርቶን ውፍረት ያህል ይበቃል፤ ካርቶኑን ከኋላ ጫፍ ሥር ሻጥ አድርገህ ፍሬኑን ጨብጥና እንደዚያው እሰረው። ገመዱንም አውጥተህ እየው። ሚክስት ላይ የኋላው ገመድ ብዙ ስለሚጣመም ሽፋኑ ውስጥ ዝገት ከያዘ ጎሚኒው በወጉ አይለቅም። አሮጌ ከሆነ ሽፋኑንም ገመዱንም አንድ ላይ ቀይር።